የስኪ ዋስትና በሕግ 5 ዓመት ይሁን ወይስ ባለበት ይቆይ? (ክርክር፤ ተከራካሪዎቹ በቅጽል ስማቸው)

አወያይ፦ ወገኖች፣ የዛሬው መከራከሪያ ስለ ስኪ ነው፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ጥንድ ረጅም ሳንቃ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ቢያንስ 2 ዓመት ይጠየቃል። ስዊድን 3 አድርጋዋለች። ኖርዌይ ለተራው ዕቃ 2፣ ብዙ ዓመት እንዲያገለግል ለተሠራው 5 ትሰጣለች። አሜሪካ በፌዴራል ሕግ የተቆረጠ ዓመት የለም፤ በአብዛኛው አምራቹ በጽሑፍ የሰጠውን ይዞ መከራከር ነው። ንብርብሩ የሚላቀቅ፣ ጠርዙ የሚነቀል፣ የባይንዲንጉ (ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው) ቪት የሚወልቅ ስኪ ላይ ቅሬታ በየወቅቱ ይሰማል። ታዲያ 5 ዓመት በሁሉም አገር ይደንገግ? «እኔ የገዛሁት እንዲህ ሆነ» የሚል ታሪክ አንቀበልም። ልክና ምክንያት ይዛችሁ ኑ።

ሞረድ፦ ይደንገግ ባይ ነኝ። ስኪ ማለት የተጣበቀ ንብርብር ነው። ከታች ፖሊኢትሊን፣ ግራና ቀኙ የብረት ጠርዝ፣ በላዩ ፋይበርግላስ፣ መሃሉ እንጨት፣ እንደገና ፋይበርግላስ ወይም ቲታናል የሚባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ከዚያ የላይ ሽፋን። ሁሉም ኤፖክሲ ተቀብቶ በጋለ ፕሬስ ይጨመቃል። ፖሊኢትሊን በተፈጥሮው ሙጫ አይዘውም፤ ጀርባው በነበልባል ካልተለበለበና ካልተሻከረ ኤፖክሲው አይነክሰውም። ብረቱም የጣት ቅባት ከቀረበት ያው ነው። ይህን ገዢ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚያይበት መንገድ የለም። ደግሞ ብዙ ሰው በዓመት ጥቂት ቀን ነው የሚወጣው፤ በቀን መቁጠሪያ 2 ዓመት የሞላው ስኪ በሥራ ሲለካ ገና አዲስ ነው። የተደበቀው ጉድለት ብቅ የሚለው ሕጉ ካለፈ በኋላ ይሆናል።

ኮላ ከዴንቨር፦ ወንድሜ ሞረድ፣ የምትለው ጉድለት አለ፣ አልክድም። ነገር ግን የሚላቀቀውን ሁሉ ለፕሬሱ አትስጠው። የብረቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ የሚገቡ ጥርሶች አሉት። ድንጋይ ሲመታው ጠርዙ ይገፋል፣ በላዩ ያለው ስስ ጎማና ኤፖክሲ ፀጉር በሚያክል ይሰነጠቃል። በዓይን አይታይም። የቀለጠ በረዶ በዚያ ይገባል፣ ሌሊት ይረጋል። ውሃ ሲረጋ በመጠን 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ ስንጥቁን ገፍቶ ያሰፋዋል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም እንጨቱ ይረጥባል፣ ያብጣል፣ ጠርዙ ይዝጋል። ባለቤቱ የሚያየው መጨረሻውን ነውና «በራሱ ተላቀቀ» ይላል።

ካውያውን ደግሞ አትርሱ። የታችኛው ፕላስቲክ 130 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ ስኪው እንዲንሸራተት ከሥሩ ሰም የሚቀባበት ካውያ የሚሠራው እዚያው አጠገብ ነው። ስኪው ላይ ሳይቆም ከተጎተተ ችግር የለም፤ አንድ ቦታ ከቆመ ፕላስቲኩ ይቃጠላል፣ ከሥሩ ያለው ሙጫም ይለሰልሳል። የልብስ ካውያ ሙቀቱ ስለሚዋዥቅ ይባስ ነው። ሰሙ ከጨሰ ሙቀቱ አልፏል። ባለቤቱ በካውያ የጠበሰውን ፋብሪካው በ5ኛው ዓመት በምን ዕዳው ይክፈል?

ጥያቄ ብቻ፦ ጋሼ ኮላ፣ እንዳሉት ይሁን። ግን ድንጋይ መምታቱን ማን ያስረዳ? ሻጩ ወይስ እኛ ገዢዎቹ?

ቲታናል፦ ጥያቄ ብቻ የነካችው ዋናውን ነው። ክርክሩ ስለ ዓመት ይመስላል እንጂ ስለ ማስረጃ ነው። በኅብረቱ ሕግ ጉድለቱ በመጀመሪያው 1 ዓመት ከታየ «ከመጀመሪያውም ነበረ» ተብሎ ይገመታል፣ ማስተባበል የሻጩ ነው። ስዊድን ይህን 2 ዓመት አድርጋዋለች። ከዚያ በኋላ ማስረዳት የገዢው ይሆናል፤ በዚያ ሁኔታ 5ኛው ዓመት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ማስረዳት ግን የማይቻል አይደለም። የተላቀቀውን በእንጨት ሽብልቅ ቀስ ብላችሁ ከፍታችሁ ሁለቱን ፊት በባትሪ እዩ። ፊቱ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ የእንጨት ወይም የፋይበር ቁራጭ ካልያዘ፣ ሙጫው መጀመሪያም አልያዘም፤ ይህ የፋብሪካ ነው። የተቀደደ እንጨት ወይም የፋይበር ፀጉር ተጣብቆበት ከመጣ ሙጫው ይዞ ነበር፣ ኃይል ነው የቀደደው። ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን ጠርዝ በጥፍር ዳስሱት፤ ጎርባጣ ወይም የተሰነጠቀ ብረት፣ ፕላስቲኩ ላይም ጭረት ካለ ምት ነው። ውስጡ ዝገት ካለበት ውሃው ከገባ ሰነባብቷል። ጥንዱንም አስተያዩ፤ ሁለቱም እዚያው ቦታ ላይ፣ ያለ ምንም ምት ከተላቀቁ ፋብሪካው ማምለጫው ይጠብበታል። ፎቶው መነሳት ያለበት ማንም ኮላ ሳይጨምርበት ነው። አንዴ ከተጠገነ ማስረጃው ተቀበረ።

ሞረድ፦ ቲታናል ያሉት ሁሉ ባለሙያ ይፈልጋል። ተራ ገዢ የተቀደደውን ካልተቀደደው አይለይም። ለዚህ ነው ሸክሙ 5 ዓመት ሙሉ ሻጩ ላይ ይሁን የምለው።

የድሮ ይሻላል፦ ድሮ እንዲህ አልነበረም። የብረት ስኪ ለልጅ ልጅ ይተርፍ ነበር።

ቲታናል፦ ይህን ከየት አመጡት? ሃዋርድ ሄድ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የሠራቸው የመጀመሪያ የአሉሚኒየም ስኪዎች ቨርሞንት፣ ስቶው ውስጥ በአስተማሪዎች እጅ እንክትክት ብለዋል። መሃሉን ከማር እንጀራ መሰል ቀፎ ወደ ኮምፔርሳቶ ለውጦ፣ የብረት ጠርዝ ጨምሮ፣ ለገበያ ያበቃው በ1950 ነው። ዛሬ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የምናየው የድሮ ስኪ ሳይሰበር የተረፈው ነው፤ የተሰበረው ምድጃ ገብቷል። ከዚህ ተነስቶ «ድሮ ጠንካራ ነበር» ማለት አይሆንም።

አሁን የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ክብደት። ዳገት የሚወጣበት ቀላል ስኪ እንዲቀል ሲባል ጠርዙም ፕላስቲኩም ይሳሳል፣ እንጨቱ እንደ ፓውሎውኒያ ያለ ቀላል ይሆናል። 1.5 ሚሊሜትር ጠርዝ እንደ 2.5ቱ ምት አይችልም። ርካሹ ላይ ደግሞ በእንጨት ፈንታ የሚረጭ ፎም ይገባል፤ ፎም ብቻውን ቪት ስለማይዝ ከላዩ ማጠናከሪያ ሳህን ይደረጋል። ይህ ሁሉ የንድፍ ምርጫ ነው፣ ጉድለት አይባልም። የሚያናድደው ግን ልኩ የትም አለመጻፉ ነው። ርዝመቱን፣ ወርዱንና የመታጠፊያ ራዲየሱን ስኪው ላይ ያትማሉ፤ የጠርዙን ውፍረት አያትሙም። የኔ ሐሳብ፣ ዓመቱ ባለበት ይቆይና የጠርዝ ውፍረት፣ የታች ፕላስቲክ ውፍረትና የመሃሉ ዓይነት በግዴታ ይታተም።

ሰም ከኡሜዮ፦ ከቁልቁለቱ ውጭ ያለነውንም አስቡን። በረጅሙ መንገድ (በሜዳውና በዳገቱ በሚኬድበት) ስኪ «መጥፎ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሳይላቀቅ ነው፣ ለባለቤቱ ክብደት ስላልሆነ። የክላሲክ (ወደፊት ቀጥ ብሎ እየተራመዱ የሚንሸራተቱበት) ስኪ መሃሉ ቅስት ነው፤ በሁለት እግር ሲቆሙበት መሃሉ ላይ የተቀባው፣ በረዶውን የሚነክሰው ሰም ከበረዶው ከፍ ማለት አለበት፣ በአንድ እግር ሲረግጡት ደግሞ መንካት አለበት። መፈተኑ ቀላል ነው። ለጥ ያለ ወለል ላይ ሁለቱን አስቀምጣችሁ ቁሙ፣ ሌላ ሰው ስስ ወረቀት ከሥር ይሳብ። በሁለት እግር ወረቀቱ ከተረከዝ ጀምሮ ከባይንዲንጉ ፊት 20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ድረስ በነፃ ካልሄደ ስኪው ለስላሳ ነው፣ ሰሙ ይጎተታል፣ ሰውየው ሲንሸራተት ይይዘዋል። በአንድ እግር ወረቀቱ ካልተያዘ ጠንካራ ነው፣ ዳገት ላይ ወደኋላ ያንሸራትታል። ለ60 ኪሎ ሰው ለ80 ኪሎ ሰው የተሠራ ስኪ ከተሸጠለት ስንት ዓመት ዋስትና ቢሰጡት ምን ይሠራለታል? እንደኔ ሻጭ ይህን ፈተና ገዢ ፊት እንዲያደርግ ይገደድ።

(በነገራችን ላይ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ የተወዳደረው በዚሁ በረጅሙ መንገድ ነው። ይህ ቡድን ስለ ቁልቁለት ብቻ ማውራቱ ይገርመኛል።)

አወያይ፦ እህቴ፣ ተቀብለናል። ባይንዲንጉን የነካ የለም።

ኮላ ከዴንቨር፦ እኔ ልንካው። ቪት ወለቀ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ፑንታው (የመብሻው ጫፍ) ነው። የአዋቂ ስኪ ውስጡ የብረት ንብርብር ከሌለው 3.5 ሚሊሜትር፣ ቲታናል ካለው 4.1፣ ጥልቀቱ 9 ወይም 9.5። ብረት ያለውን በ3.5 ከበሱት ቪቱ ሲገባ ብረቱን ወደላይ ይነቅለዋል፣ ዙሪያው ያብጣል። ብረት የሌለውን በ4.1 ከበሱት ጥርሱ የሚነክሰው እንጨት ያንሳል። የፑንታው ልክ ብዙ ጊዜ ስኪው ላይ ተጽፏል፣ የሚያነብ ጠፋ እንጂ! ቀዳዳው ውስጥ ጠብታ ኮላ ካልገባ ደግሞ ውሃ ቪቱን ተከትሎ ይወርዳል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። ይህ የሱቅ ጥፋት ነው፤ 5 ዓመት ፋብሪካው ላይ ብትጭኑ ተጠያቂውን ስታችኋል።

ከዚህም የባሰ አለ። በአሜሪካ አምራቾች በየዓመቱ ሱቅ እንዲያስተካክላቸው ኃላፊነት የሚወስዱባቸውን ባይንዲንጎች ዝርዝር ያወጣሉ። ሞዴሉ ሲያረጅ ከዝርዝሩ ይወጣል። ባይንዲንጉ ምንም አልሆነም፣ ግን ሱቁ ክስ ስለሚፈራ አይነካውም። ስኪው ከነባይንዲንጉ ሐዲድ የተሠራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሌላ መግጠም ያስቸግራል፣ ሙሉው ይጣላል። ሕግ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ጥያቄ ብቻ፦ ጋሼ፣ የተላቀቀውስ ቢጠገን አይሻልም? ሁሉም «ይቀየርልኝ» የሚለው ለምንድን ነው?

ኮላ ከዴንቨር፦ ይሻላል፣ ልጄ። መሃሉ እንጨት ከሆነ ጥገናው ውድ አይደለም። ቤት ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ይድረቅ፤ ርጥብ እንጨት ላይ ኮላ ማድረግ ድካም ነው። በሽብልቅ ከፍቶ የላላውን መፋቅ፣ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፣ በአሴቶን መጥረግ። ኤፖክሲው ቀስ ብሎ የሚደርቀውና ደርቆም የሚታጠፈው ዓይነት ይሁን፤ የ5 ደቂቃውም ሆነ ሱፐር ግሉ በብርድ ይሰባበራል። በፀጉር ማድረቂያ ለብ ቢደረግ ይቀጥንና ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በስስ ፕላስቲክ ካርድ መግፋት ነው። ከላይና ከታች ሰም የተቀባ ወረቀት፣ በላዩ ጠፍጣፋ እንጨት፣ ከዚያ በየ6 ሳንቲሜትሩ ሞርሳ። ኤፖክሲው በጠርዙ ጠብ ጠብ ሲል ማጥበቁ ይቁም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ አጥብቆ ኮላውን ጨምቆ ያወጣና ደረቅ ለደረቅ ይገናኛል። ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነ ክፍል 24 ሰዓት ይቆይ። ፎም ከሆነ ግን ልፋት ነው፤ ኮላው ይይዛል፣ ፎሙ ራሱ ከሥሩ ይላጣል።

ቲታናል፦ እ.ኤ.አ. የ2024ቱ የኅብረቱ የጥገና መብት ሕግ ልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ስልክ እያለ ይዘረዝራል፤ ስኪ የለበትም። አንድ ነገር ግን ለስኪም ይሠራል። ከጁላይ 31 ቀን 2026 ጀምሮ፣ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ከመቀየር ይልቅ ጥገናን የመረጠ ገዢ የሻጩ ተጠያቂነት 1 ዓመት ይጨመርለታል። 2 የነበረው 3 ይሆናል፣ ያውም ያለ አዲስ ክርክር።

ሞረድ፦ ጥሩ፣ ግን ፎሙን አይጨምርም፤ ጋሼ እንዳሉት አይጠገንማ! የልክ መታተሙን ግን እደግፋለሁ።

ኮላ ከዴንቨር፦ የጠርዙን ውፍረት በካሊፐር ማንም ይለካል፤ ይታተም። የኮላውን ጥንካሬ ግን ምን ብላችሁ ታትማላችሁ?

ሞረድ፦ ንብርብሩን ለመላጥ የሚጠይቀውን ኃይል፣ በኒውተን። አዲሱን ብቻ ለክቶ መጻፍ አይበቃም። ጠርዙ ሆን ተብሎ ይሰንጠቅ፣ ውሃ ውስጥ ይደር፣ ይረጋ፣ ይቅለጥ፣ ይህም ደግሞ ደጋግሞ፤ ከዚያ ይለካ። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን የሚያትም ፋብሪካ ካለ 5 ዓመቱን እተዋለሁ፣ 2ቱ ይበቃኛል።

ኮላ ከዴንቨር፦ በዚያ እስማማለሁ። ወጪው ግን የማን ነው? በትንሽ ብዛት የሚሠሩት ፋብሪካዎች በየሞዴሉ ስኪ እየሰበሩ ሊፈትኑ ነው?

ሞረድ፦ በየሞዴሉ አይደለም። ኤፖክሲውና ፕሬሱ አንድ ከሆኑ ለአንድ አሠራር አንድ ፈተና ይበቃል። ሙጫ ሲለውጡ ይድገሙት።