አናሎጉ ሳይነካ ይሄዳል፤ ልጽዳው፣ ልቀይረው ወይስ ዴድዞን ልጨምር?

ግራ_አናሎግ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የጆይስቲኬ ግራ አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላ) ጣቴን ሳላሳርፍበት ወደ ላይ መጎተት ጀምሯል። ኳስ ጌም ላይ ተጫዋቹ መቆም ሲገባው ይንሸራተታል፣ ሜኑ ላይ ምርጫው ብቻውን ይወጣል። አንዱ አልኮል ጠብ አድርግበት ይላል፣ ሌላው ሞጁሉን (የአናሎጉን ሙሉ ክፍል) ቀይረው፣ ሌላው ዴድዞን (መሃል አካባቢ ጌሙ እንቅስቃሴ የማይቆጥርበትን ክልል) ጨምርና ተገላገል። ዋስትናው አልቋል። ካቻቢቴና ሶልደሪንግ አይረን አለኝ። ከየትኛው ልጀምር? ሆል ኢፌክት የሚባለውስ እንደሚወራለት ነው?

ቦርድ_ጠጋኝ

ከሦስቱም በፊት ለካው። ጆይስቲኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝና በብራውዘር የሚሠራ የጌምፓድ መሞከሪያ ክፈት። እያንዳንዱ አናሎግ ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ አንዱ የግራ ቀኝ፣ ሌላው የላይ ታች። ሁለቱም ከ-1.00 እስከ 1.00 ይሄዳሉ፣ ሲለቀቁ ወደ 0 ይመለሳሉ። እስከ 0.05 አካባቢ ቢቀር ጤነኛ ነው፣ ጌሞች ራሳቸው ያልፉታል። 0.10 ካለፈ ግን ስክሪኑ ላይ ይታይሃል።

አሁን ወደ አራቱም አቅጣጫ እስከ ጫፍ እየገፋህ በድንገት ልቀቀው። ሁሌም አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ 0.08 ላይ፣ ጸጥ ብሎ ከቆመ መሃሉ ተዛብቷል፤ ካሊብሬሽን (መሃልና ጫፉን እንደገና ማስተካከል) ወይም ትንሽ ዴድዞን ይበቃዋል። ከግራ ሲመለስ አንድ ቦታ፣ ከቀኝ ሲመለስ ሌላ ቦታ የሚቆም ከሆነ ችግሩ ሜካኒካል ነው፦ ሞላው ደክሟል ወይም መሃል ላይ የሚያስቀምጠው ፕላስቲክ ተበልቷል። ይሄንን አልኮል አያድነውም። ሳትነካው ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ፖቴንሺዮሜትሩ (የአናሎጉን ቦታ የሚያነበው ክፍል) ቆሽሿል ወይም አልቋል።

ምን ሆኖ ነው የሚያልቀው? ከአናሎጉ ጎን ሁለት ትንንሽ ፖቴንሺዮሜትሮች አሉ፣ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ። በውስጣቸው ቀጭን የካርቦን መስመር ላይ የብረት ጣት ይንሸራተታል። አናሎጉ መሃል ላይ ሲሆን ጣቱ የቮልቴጁን ግማሽ ገደማ ያነባል። ብዙውን ጊዜ የምናንቀሳቅሰው መሃል አካባቢ ስለሆነ ካርቦኑ ቀድሞ የሚፋቀው እዚያው ነው። የተፋቀው ዱቄት ደግሞ ከጣቱ ሥር ይገባና ንባቡን ያናውጠዋል። አልኮል የሚሠራውም፣ ከጊዜ በኋላ ችግሩ የሚመለሰውም ለዚህ ነው፦ ዱቄቱን ያጥባል እንጂ የተፋቀውን ካርቦን መልሶ አይቀባም።

ለማጽዳት ጆይስቲኩን አጥፋ፣ ከቻልክ ከፍተህ የባትሪውን ሶኬት ንቀል። አይሶፕሮፒል አልኮል 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። የ70ው ሲሦ ያህሉ ውሃ ነው። ከአናሎጉ ሥር 2 ወይም 3 ጠብታ ጨምር፣ 30 ጊዜ ያህል ዙሪያውን አሽከርክር፣ 20 ደቂቃ አድርቀህ እንደገና ለካ። አሴቶን ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ለዝገት የሚረጨው ዘይትማ ጭራሽ አይታሰብ፤ አቧራ ሰብስቦ ከበፊቱ የባሰ ያደርገዋል።

ዝም_ብዬ_ልጫወት

ለኳስ ጌም ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ዴድዞኑን ከ5 ወደ 12 በመቶ ውሰደውና ተጫወት። ሩጫና ቅብብል ላይ አናሎጉን እስከ ጫፍ ስለምትገፋው ልዩነቱ አይታወቅህም። መኪና ጌም ወይም ዒላማ የሚፈልግ ተኩስ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የመጀመሪያዋ ስስ እንቅስቃሴ ትሞትብሃለች።

ቦርድ_ጠጋኝ

ቋሚ መዛባት ከሆነ እስማማለሁ። ዴድዞን ግን የሚሸፍነው መሃሉን ብቻ ነው። ቁጥሩ የሚዘል አናሎግ ግማሽ መንገድ ገፍተህ እንደያዝከውም ይዘላል፣ እዚያ ዴድዞኑ አይደርስም። አንዳንዱ ጌም 30 በመቶ ዴድዞን ተሰጥቶትም ተጫዋቹ አቅጣጫ የሚስተው በዚህ ነው።

አሥራ_አራት_እግር

ወደ መቀየር ከደረስክ። የፕሌይስቴሽን 4ና የኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲኮች ሞጁል በ14 እግር ቦርዱ ላይ ተሶልድሯል፦ ከሁለቱ ፖቴንሺዮሜትሮች 3 3፣ ከመጫኛው ቁልፍ 4፣ አካሉን የሚይዙ 4። የስዊች ጆይ ኮን ግን በሪባን ገመድ ስለሚገናኝ ሶልደር አይጠይቅም፤ ባለ ሦስት ክንፍ ካቻቢቴና ለውስጡ ብሎኖች ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ያስፈልገዋል። ኤክስቦክስ ቶርክስ ቲ8 ይፈልጋል፣ መሃሉ ቀዳዳ ያለውን። አምስተኛው ብሎን በባትሪ ቤቱ ውስጥ ከስቲከሩ ሥር ተደብቋል፤ እሱን ሳይፈቱ ሽፋኑን በጉልበት የሚሰብሩ ብዙ ናቸው።

ቦርድ የሚበላሸው ሲነቀል ነው፣ ሲገጠም አይደለም። ሊድ የሌለው የፋብሪካ ሶልደር 217 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከመሬት (ግራውንድ) ጋር የተገናኙት እግሮች ደግሞ ሙቀቱን ወደ ቦርዱ መዳብ ስለሚያሸሹ በቀላሉ አይለቁም። ሰው ይቸኩልና ይጎትታል፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለው የመዳብ ሽፋን ተልጦ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ሽቦ መዘርጋት ነው። ስለዚህ አይረኑን 350 አካባቢ አድርገህ በየእግሩ ላይ ፍላክስ (ሶልደሩ በደንብ እንዲፈስ የሚረዳ ቅባት) እና ሊድ ያለው ሶልደር ጨምር (63/37 የሚባለው 183 ላይ ይቀልጣል)፣ ከአሮጌው ጋር ይቀላቀል፣ ከዚያ በፓምፕ ምጠጠው። አንድ እግር ላይ ከ4 ሰከንድ በላይ አትቆይ። አልወጣ ካለ መልሰህ ሶልደር ሙላውና እንደገና ምጠጥ። አሮጌውን ሞጁል ለማዳን ካልፈለግክ እግሮቹን በመቁረጫ ቆርጠህ አንድ በአንድ በወረንጦ ማውጣት ከሁሉም ይቀላል።

ሚዛን

ስለ ሆል ኢፌክት፦ በጣቱና በካርቦኑ ፋንታ ማግኔትና ሴንሰር ነው ያለው፣ ሳይነካኩ ስለሚያነቡ የሚፋቅ ነገር የለም። አዲስ ግኝት ነው የሚሉትን አትስማ፤ ሴጋ በ1998 በወጣው ድሪምካስት ጆይስቲክ ላይ ተጠቅሞበታል።

ግን ሞላው ያው ሞላ ነው። መሃል ላይ የሚመልሰው ሲደክም ሆልም መሃሉን ይስታል። ፖቴንሺዮሜትር እንዲያነብ በተሠራ ቦርድ ላይ ሲገጠም ደግሞ መሃሉና ጫፉ ስለማይገጥሙ ካሊብሬሽን ግድ ነው። ለፕሌይስቴሽን 4ና 5 በብራውዘር የሚሠራ ነፃ መሣሪያ አለ። ለሌሎች ከመግዛትህ በፊት ካሊብሬት የሚሆኑበት መንገድ መኖሩን፣ የሞጁሉም ቮልቴጅ ከጆይስቲኩ ጋር መስማማቱን አረጋግጥ። ገዝቶ ገጥሞ "ሆል ራሱ ድሪፍት (ሳይነካ መሄድ) አለው" ብሎ የሚጮኸው አብዛኛው ሰው ይችን የዘለለ ነው።

ግራ_አናሎግ (ጠያቂ)

ለካሁት። ግራ ቀኝ፦ ከቀኝ ስለቀው 0.03፣ ከግራ -0.02። ላይ ታች ግን ሳልነካው ከ-0.05 እስከ -0.21 ይዘላል። አልኮሉን እንደተባለው ሁለቴ ሞክሬዋለሁ፣ ወደ -0.15 ወርዶ በማግሥቱ ተመለሰ።

ቦርድ_ጠጋኝ

ሞላህ ደህና ነው፤ ግራ ቀኙ ከሁለቱም በኩል እኩል እየተመለሰልህ ነው። ያለቀው የላይ ታቹ ፖቴንሺዮሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ 14ቱን እግር አትንካ። ከፍተህ አናሎጉን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረግክ ከሁለቱ የጎን ክፍሎች የየትኛው ዲስክ እንደሚዞር እይ፤ የምትፈልገው እሱ ነው። የእሱን 3 እግር ብቻ ነቅለህ መያዣ ጥርሶቹን በቀስታ አላቅ፣ ከአዲስ ወይም ከሌላ አሮጌ ሞጁል ያወጣኸውን ግጠምበት።

ከመሶልደርህ በፊት ተለዋጩን በቴስተር ለካው፦ በዳርና በዳር እግሮቹ መካከል በአብዛኛው 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፣ ዲስኩ መሃል ላይ እያለ ከመሃለኛው እግር ወደ እያንዳንዱ ዳር ደግሞ ግማሹ። ዲስኩን በዝግታ ስታዞር ቁጥሩ ሳይቆራረጥ መውጣትና መውረድ አለበት። ከዘለለ እሱም አልቋልና አትልፋበት። ስትገጥም የዲስኩ ቀዳዳ ከአናሎጉ ዘንግ ጋር መግጠሙን እይ፤ ካልገጠመ ክዳኑ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አናሎጉ ወደ አንድ ወገን እስከ 1.00 አይደርስም።