ገንዘብ የሌለው አፕ፦ አብረውኝ ለጀመሩት ዴቨሎፐሮች ምን ልስጣቸው?

የሱቅ ደብተር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው።

ለሰፈር ሱቆች የዱቤ መመዝገቢያ አፕ እየሠራን ነው። ባለሱቁ ደብተሩ ላይ «የአዜብ እናት፣ ዘይት 1 ሊትር፣ ስኳር 2 ኪሎ» ብሎ የሚጽፈውን ስልኩ ላይ ይመዘግባል። ወር ሲሞላ ለደንበኛዋ ቀሪ ሒሳቧ በአጭር መልእክት ይደርሳታል። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ከጀመርኩት 14 ወር ሆኖኛል። ሙያዬ ሒሳብ ስለሆነ ቀን ተቀጥሬ እሠራለሁ፣ ኮድ ግን አልችልም።

አፑን የሚሠሩት ሁለት ልጆች ናቸው። አንዱ የስልኩን በኩል በፍላተር (የስልክ አፕ መሥሪያ ነው) ይሠራል፤ የቀኑን ግማሽ ለእኛ ነው የሚሰጠው። ሌላው ሰርቨሩንና ዳታቤዙን ይዟል፤ ማታ ማታና ቅዳሜ ነው የሚሠራው። ሁለቱም ከገቡ 8 ወር ሆኗቸዋል። እስካሁን ደሞዝ የሚባል አልከፈልኳቸውም። እኔ ከኪሴ 90,000 ብር አውጥቻለሁ፤ ለሰርቨር፣ ለዶሜን፣ ለኢንተርኔት ፓኬጅ፣ ለንግድ ፈቃድ።

የተባባልነው «ሲሳካ አብረን እንጠቀማለን» ብቻ ነው። አሁን የተወሰኑ ሱቆች እየሞከሩት ነው፤ ባለሱቆቹም ወደውታል። አንድ ዘመዴ ደግሞ ገንዘብ ላስገባ አለኝ። ያኔ ነው ጭንቅ የያዘኝ። ድርሻ ልስጣቸው? ስንት? ወይስ ደሞዛቸውን እንደ ዕዳ ልያዝላቸው? ለእያንዳንዳቸው 5 ፐርሰንት አስቤ ነበር። ድርጅቱ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር (ኃ.የተ.የግ.ማ.) ሆኖ በእኔ ስም ነው የተመዘገበው። ልጆቹን መበደል አልፈልግም።

ፍላተር ከሃያ ሁለት

እህቴ፣ ብሩ ሳይገባ መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ከልጆቹ ወገን ሆኜ ላውራሽ።

እንዲህ ያለ ጅምር ላይ ሠርቻለሁ፣ የድርጅቱን ስም ልተወው። እዚያም ቃሉ «ሲሳካ» ነበር። ገንዘብ ያስገባ ሰው ተገኘ፣ ፊርማ ተፈረመ፣ እኔ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ከዚያ «ማበረታቻ» ብለው የሆነ ብር ሰጡኝ። የብሩ ማነስ ብዙም አልከፋኝም። አፑን ከዜሮ የሠራሁት ሰው ስሜ አንድ ወረቀት ላይ አለመኖሩ ነው ያንገበገበኝ። በማግስቱ ሥራውን ተውኩት። ኮዱን የሚያውቀው ሌላ ሰው ስላልነበረ እነሱም ብዙ ተጎዱ።

5 ፐርሰንቱን ከየት አመጣሽው? ልጁ ቢጠይቅሽ ምን ብለሽ ታስረጂዋለሽ? መልስ ከሌለሽ ቁጥሩ ፍትሐዊ ይሁን አይሁን አንቺም አታውቂውም ማለት ነው። ከሁሉ በፊት ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቂያቸው። አንዱ ድርሻ ሊፈልግ ይችላል። ሌላው የቤት ኪራይ አፍንጫው ላይ ደርሶ ይሆናል፤ ለሱ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ ድርሻ ምኑም አይደለም።

ሸሪክ

ከላይ ያለው ወንድሜ ትክክል ብሏል። ቁጥሩን ከየት ማምጣት እንደሚቻል ልሞክር። አንቺ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ አይከብድሽም።

እያንዳንዱ ሰው ሌላ ቦታ ቢሠራ ሊያገኝ የሚችለውንና እዚህ የተወውን ደሞዝ ጻፊ። ያልተከፈለው ደሞዝ እሱ ያስገባው ገንዘብ ነው። ለምሳሌ የፍላተሩ ልጅ ገበያ ላይ 60,000 ብር ያገኛል እንበል። ግማሽ ቀን ነው፣ ስለዚህ በወር 30,000። በ8 ወር 240,000 ይሆናል። የሰርቨሩ ልጅ ዋጋው 50,000 ቢሆንና ሩብ ጊዜውን ቢሰጥ በወር 12,500 ነው። በ8 ወር 100,000። የአንቺ ደሞዝ 40,000 ቢሆንና ግማሽ ጊዜሽን ብትሰጪ በ14 ወር 280,000 ይመጣል። ከኪስሽ የወጣው 90,000 ጥሬ ብር ነው። ጥሬ ብር ከጊዜ የበለጠ ስለሚከብድ በሁለት ይባዛ፤ 180,000።

ድምሩ 800,000 ነው። የፍላተሩ ልጅ 30 በመቶ፣ የሰርቨሩ 12.5 በመቶ፣ አንቺ 57.5 በመቶ። ከ5 ፐርሰንቱ ጋር ያለውን ልዩነት አየሽው? ደሞዞቹ የእኔ ግምት ናቸው፣ ትክክለኛውን አንቺ አስገቢ። ግን ሦስታችሁ ቁጭ ብላችሁ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ተስማሙባቸው። አንዷን ቁጥር እንኳ ብቻሽን አትወስኚ።

ጎተራ

ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። 30 በመቶ ሰጥተሽው በሚቀጥለው ወር ከውጭ በዶላር የሚከፍል ሥራ ቢያገኝስ? ጎበዝ ፍላተር ሠሪ ዛሬ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለውጭ ድርጅት መሥራት ይችላል። እሱ ሄዶ ድርሻው ይቀመጣል። ቀጥሎ የምታመጪውን ልጅ በምን ትከፍይዋለሽ?

ሌላው ደግሞ በሰዓት መቁጠር ቀስ ብሎ የሚሠራውን ይጠቅማል። እኔ ብሆን ያለፈውን እንደ ዕዳ እይዘዋለሁ። የቀረውን በሥራ ውጤት እከፍላለሁ፤ ይህ ክፍል ሲያልቅ ይህን ያህል ብር ብሎ መስማማት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጎተራ የፈራው ነገር መድኃኒት አለው። እዚህ አሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ የጅምር ድርጅት ድርሻ አንዴ ተቆርሶ አይሰጥም፣ በጊዜ ነው የሚረጋው። ቬስቲንግ ይሉታል። የተለመደው 4 ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላ የሄደ ምንም አያገኝም። ዓመቱ ሲሞላ ሩቡ ይረጋለታል፣ ከዚያ በየወሩ ከ48 አንድ እጅ ይጨመርለታል። በሁለት ዓመቱ ከሄደ ግማሹን ይዞ ይሄዳል፣ ግማሹ ለድርጅቱ ይቀራል።

ልጆቹ 8 ወር ስለሠሩ ያ 8 ወር ይቆጠርላቸው። አዲስ እንደገባ ሰው ከዜሮ ማስጀመር ነውር ነው። አንቺም ራስሽን በዚሁ ውስጥ አስገቢ። እነሱ ላይ ብቻ ካደረግሽው እምነቱ ይጠፋል።

ለወረቀት አለመኖር ደግሞ የስናፕቻትን ላንሳ። ሬጂ ብራውን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛቸው ከጅምሩ አብሯቸው ነበር፣ ከዚያ ተገፍቶ ወጣና ከሰሰ። በ2014 እ.ኤ.አ. ታረቁ። ድርጅቱ በ2017 አክሲዮን ገበያ ሊገባ ሲል ባወጣው ሰነድ ክፍያው 157.5 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ታወቀ። እናንተ ገና ትንሽ ናችሁ፣ ግን ጠቡ ያው ነው።

ጠበቃ ከካሳንቺስ

ጤና ይስጥልኝ። ሕጉን በተመለከተ ጥቂት ልበል።

አንደኛ፣ ልጆቹ ተቀጣሪ ናቸው ወይስ ሸሪክ? ይህን ይለዩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ደሞዝ በገንዘብ ይከፈል ነው የሚለው። ተስማምተው በዓይነት ቢከፈል እንኳ በገንዘብ ከሚከፈለው ከ30 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ «ደሞዝህ ድርሻ ነው» የሚል የቅጥር ውል አያዋጣዎትም። ሸሪክ ከሆኑ እንደ ሸሪክ ይዋዋሉ። ገንዘብ ሲመጣ ከቀጠሯቸው ደግሞ ደሞዙን ብቻ አያስሉ፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ጡረታም አለ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ኮዱ የማነው? በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። በቅጥር ወይም በትእዛዝ ውል የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለቤቱ አሠሪው ወይም ያሠራው ሰው ነው። እናንተ ጋ ግን ቅጥርም የለም፣ የትእዛዝ ውልም አልተጻፈም። ልጆቹ «የጻፍነው እኛ ነን» ቢሉ ጠንካራ ክርክር አላቸው። መብቱ የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። የዘመድዎ ገንዘብ የሚገባው ምን ውስጥ እንደሆነ የሚወሰነው በዚህ ወረቀት ነው። ልጆቹም ድርሻቸው ሳይጻፍ ኮዱን እንዲያስተላልፉ አይጠይቋቸው። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ይፈረሙ።

ሦስተኛ፣ ባለ አንድ አባል ማኅበር በ2013ቱ የንግድ ሕግ የመጣ ነው። አባል ሲጨምሩ ወደ መደበኛው ኃ.የተ.የግ.ማ. ይለወጣል፤ እሱ ከ2 እስከ 50 አባል ይይዛል። ከአሜሪካ የጻፉት ወንድማችን ያነሱት በጊዜ የሚረጋ ድርሻ ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ጋ ሲተገበር ጥንቃቄ ይፈልጋል። 30 በመቶውን ዛሬ በልጁ ስም አስመዝግበው ነገ ቢሄድ፣ ድርሻው የሚመለሰው ፈርሞ ሲያስተላልፍ ነው። እምቢ ካለ ወደ ፍርድ ቤት ነው። ለደንበኞቼ የምመክረው በየደረጃው ማስተላለፍን ነው። እስካሁን ረግቷል ብላችሁ የምትስማሙበት ዛሬ ይመዝገብ። ለቀሪው መቼ ምን ያህል እንደሚተላለፍ በውል ይታሰር።

የሱቅ ደብተር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጠበቃ፣ እርስዎ ስለ ኮዱ ያሉት በፍጹም አስቤው የማላውቀው ነው።

ልጆቹን ለየብቻ አነጋገርኳቸው። የፍላተሩ ልጅ ድርሻ ነው የምፈልገው፣ እስከ መጨረሻው አብሬሽ ነኝ አለ። የሰርቨሩ ልጅ ግን ድርሻ አልፈልግም አለኝ። ቅርብ ጊዜ ነው ያገባው፣ «የሠራሁትን ሒሳብ ክፈይኝ፣ ከዚያ ወርሃዊ ደሞዝ ካለ እቀጥላለሁ» አለ። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ሳስበው ግን መብቱ ነው።

አሁን ጥያቄዬ፣ የሱን እንዴት ልያዝ? ዘመዴ ከሚያስገባው ልክፈለው?

ሸሪክ

ቅር አይበልሽ። ምን እንደሚፈልግ በግልጽ የነገረሽ ሰው ነው፣ ለአንቺም ቀለለሽ።

ያ 100,000 ከድርሻ ሒሳቡ ይውጣና ዕዳ ይሁን። የቀረው 700,000 ነው፤ የፍላተሩ ልጅ 34 በመቶ ገደማ፣ አንቺ 66 ገደማ። ከዚህ ላይ ለሚቀጥሉት ሰዎች 10 በመቶ ከሁለታችሁም በየድርሻችሁ ልክ ተቀንሶ ይቀመጥ። እሱ ወደ 31፣ አንቺ ወደ 59 ትወርዳላችሁ። ዘመድሽ ሲገባ ደግሞ ሁላችሁም በየድርሻችሁ ትቀንሳላችሁ። ይህንን አሁኑኑ አስረጂው፣ ኋላ «ድርሻዬ ተቆረጠ» እንዳይል።

ጎተራ

ዕዳውን ከዘመድሽ ብር አንዴ አትክፈዪው። ገንዘብ የሚያስገባ ሰው ብሩ ለቀድሞ ዕዳ ሲወጣ ደስ አይለውም። ለዘመድሽ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ለምሳሌ 30,000 ወዲያው፣ የቀረው በወር 10,000 እየሆነ በ7 ወር ይከፈል ብለሽ አስማሚው። ቀኑም ይጻፍ። «ገቢ ሲኖር» የሚል ቃል ውል ውስጥ አይግባ፤ የቱ ገቢ ነው፣ መቼ ነው፣ ያጣላል።

ልጁ ሥራውን ሲያስረክብም የሰርቨሩን የይለፍ ቃሎች፣ የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂና አጭር ማብራሪያ አብሮ ይስጥ። ከዕዳው የመጀመሪያ ክፍያ ጋር ይያያዝ።

ፍላተር ከሃያ ሁለት

አንድ ነገር ልጨምር። የጎግል ፕሌይ አካውንቱ በማን ስም ነው? ኮዱ የሚቀመጥበት ጊትሃቡስ? ዶሜኑስ? ብዙ ጊዜ ሁሉም በዴቨሎፐሩ የግል ኢሜይል ነው የሚከፈተው፣ በክፋት ሳይሆን ቀኑ ስለሚያስቸኩል። የፕሌይ ምዝገባ 25 ዶላር ነው፣ አንዴ ብቻ ነው የሚከፈለው። በድርጅቱ ስም አካውንት ተከፍቶ አፑን ወደዚያ ማዛወር ይቻላል፤ የጫኑት ባለሱቆች እንደገና መጫን የለባቸውም።

ለልጁም የሚገባው ነገር አለ። ለሌላ ሥራው የሚጠቀምባቸው ከናንተ አፕ በፊት የጻፋቸው ኮዶች ካሉ «እነዚህ የሱ ናቸው» ተብሎ በስምምነቱ ይዘርዘሩ። መሥራች መባሉም ይጻፍ። ለሲቪው ብዙ ዋጋ አለው፣ እናንተን የሚያስወጣችሁ ነገር የለም።

ጠበቃ ከካሳንቺስ

የዕዳ ስምምነቱንም የኮድ ማስተላለፊያውንም በጽሑፍ አድርጉት፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ምስክሮቹ ድርሻ ወይም ጥቅም የሌላቸው ሰዎች ይሁኑ። የመመሥረቻ ጽሑፉ ማሻሻያ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ይረጋገጥ። ዘመድዎ የሚገባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ አብረው ካደረጉት በአንድ ሰነድ ላይ አራት ሰው ሲደራደር ይከርማል።

የሱቅ ደብተር (ጠያቂ)

የፕሌይ አካውንቱ በፍላተሩ ልጅ ኢሜይል ነው የተከፈተው። ጠየቅኩት፣ «እኔም ልነግርሽ ነበር» አለ። የድርጅቱን አካውንት ዛሬ ማታ አብረን እንከፍታለን። ለዘመዴም ስለ ዕዳው ነግሬዋለሁ፣ በወር 10,000ውን ተቀብሏል። ሦስታችን ሳንፈርም ብሩን እንዳይልክም ጠይቄዋለሁ።