የድሮ ጸሐፊዎች ያነበቡትን መልሰው የሚያገኙት እንዴት ነበር? የጆን ሎክ ማውጫ በአማርኛ ይሠራል?

የንባብ ጥም፦
ሰላም ለሁላችሁ። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ሲያነቡ ደስ ያላቸውን እየቀዱ የሚያኖሩበት ደብተር ነበራቸው። ከነዚህ ሁሉ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የጆን ሎክ ማውጫ ነው። በተግባር እንዴት እንደሚሠራ፣ ገጽ ሲሞላ ምን እንደሚደረግና ለአማርኛ ይሆን እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ። ደብተር የማይወዱትስ ምን ያደርጉ ነበር?

መቃ ብዕር፦
ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ። ሎክ ዘዴውን ያሳተመው በ1686 ሆላንድ ውስጥ በስደት ሳለ፣ በፈረንሳይኛ መጽሔት ላይ ነው። እንግሊዝኛው ከሞተ በኋላ በ1706 ወጣ።

ከእሱ በፊት የተለመደው፣ ርዕሶቹን አስቀድሞ ማሰብና ለእያንዳንዱ ገጽ መመደብ ነበር። ጣጣው ግልጽ ነው፤ አንዱ ርዕስ ሞልቶ ሲፈስ ሌላው ባዶውን ይቀራል። የባለቅኔው የጆን ሚልተን ደብተር እስከ ዛሬ አለ። ሥነ ምግባር፣ ቤተሰብና መንግሥት ብሎ ለሦስት ከፍሎታል፤ ብዙ ገጹ ግን ምንም አልተጻፈበትም።

ሎክ ገጽ አስቀድሞ አይመድብም። ደብተሩ መጀመሪያ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ገጾችን ለማውጫ ይይዛል። 20 ፊደላት ይደረድርና በእያንዳንዱ ሥር አምስቱን አናባቢዎች ያስገባል፤ በድምሩ 100 ክፍል ይሆናል። ርዕሱ በላቲን ነው። ለምሳሌ «ኤፒስቶላ» (ደብዳቤ) ከሆነ የመጀመሪያው ፊደል ኤ (E) ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው አናባቢ ደግሞ ኢ (I)። ስለዚህ በኤ ሥር ወዳለው የኢ ክፍል ይሄዳል። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ደብተሩን ገልጦ በግራ በኩል ያለውን የመጀመሪያ ባዶ ገጽ ይይዛል፣ ርዕሱን ኅዳጉ ላይ ጎላ አድርጎ ይጽፋል፣ የገጹን ቁጥር ማውጫው ውስጥ ያስገባል። ከዚያ በኋላ በዚያው ፊደልና አናባቢ የሚጀምር ርዕስ ሁሉ እዚያው ይገባል።

ከግራ የሚጀምረው የሚተያዩት ሁለቱ ገጾች አብረው እንዲያገለግሉ ነው። ሁለቱም ሲሞሉ ቅጠሉን ይገለብጣል። ጀርባው ባዶ ከሆነ እዚያው ይቀጥላል። በሌላ ርዕስ ከተያዘ ግን ከግርጌ «ግለጥ» የሚል ምልክትና የሚቀጥልበትን ገጽ ቁጥር፣ አዲሱ ገጽ ራስጌ ላይ ደግሞ የመጣበትን ቁጥር ይጽፋል። ይህን የሁለት ወገን ምልክት የዘለለ ሰው ደብተሩ በወፈረ ቁጥር ይጠፋበታል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ምንጭ አጠቃቀሱ ነው። የገጹን ቁጥር ከላይ፣ የመጽሐፉን ጠቅላላ ገጽ ብዛት ከሥሩ ያደርጋል። በ1672 ለንደን የታተመውን የማርሻምን የዘመን አቆጣጠር መጽሐፍ ሲጠቅስ 259 ከላይ፣ 626 ከታች ነው። ሌላ እትም እጅህ ቢገባና 400 ገጽ ቢሆን፣ 259 በ400 ተባዝቶ ለ626 ሲካፈል 165 ገደማ ይመጣል። ልክ ገጹ ላይ ላያርፍ ይችላል፤ ጥቂት ቅጠል ወዲያና ወዲህ ብትል ግን ታገኘዋለህ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ከማገላበጥ ያድናል።

ፊደል ገበታ፦
ለአማርኛ እንዲያውም ይቀልላል። ሎክ ፊደልና አናባቢ ለየብቻ የሚፈልገው የላቲን ፊደል ስለሚለያያቸው ነው። የእኛ አንዱ ሆሄ ሁለቱንም ይዟል፤ «ጉዞ» ወደ ጉ፣ «ፍቅር» ወደ ፍ ይሄዳል፣ አለቀ። ማውጫው ራሱ እንደ ፊደል ገበታ ይሠመራል።

33ቱ ፊደላት በ7 ቢባዙ 231 ክፍል ነው። ግን ሐ፣ ኀና ኸን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ አግቡ። አለዚያ «ዓለም» ዛሬ በዐ ይገባና ነገ በአ ይፈለጋል። ሎክም K፣ Y እና Wን ትቶ በC፣ በI እና በU ተክቷቸዋል። ስለዚህ 27 ረድፍ በ7 ዓምድ፣ 189 ክፍል ይቀራል። 14ቱን ረድፍ በግራ ገጽ፣ 13ቱን በቀኝ አድርጉት፤ አንድ ገጽ ላይ ከተጨመቀ ለቁጥር ቦታ አይተርፍም።

የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ በ«የ» መጀመር ነው፤ «የገበሬ ሕይወት»፣ «የንጉሥ ፍርድ» እያሉ ሲጽፉ ሁሉም የ ሥር ይከማቻል። «ገበሬ»፣ «ፍርድ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛው «መማር»፣ «መግዛት» የመሰለው ነው፤ መን ያጨናንቃል፣ «ትምህርት»ና «ግዛት» ይሻላሉ። ሦስተኛው ግን ከቋንቋው ጠባይ ስለሚመጣ አይቀሬ ነው። ሳድሱ ይጨናነቃል፤ ምግብ፣ ምክር፣ ምሥጢር፣ እምነት፣ እውነት፣ እርሻ። እነዚህን ክፍሎች በሁለተኛው ሆሄ ከፋፍሏቸው፤ በም ክፍል ውስጥ «ግ 12፣ ክ 30» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ገጽ ገላጭ፦
ደብተር ያልወደዱትን በተመለከተ፣ የስዊሱ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር በ1548 ባሳተመው ሥራው ሌላ መንገድ ያሳያል። በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ ይጻፋል፣ እያንዳንዱ ሐሳብ በመቀስ ይቆረጣል፣ በርዕስ ይደረደራል፣ ቅደም ተከተሉ ሲረጋ ይለጠፋል። ከታተመ መጽሐፍም መቁረጥ ይቻላል ይላል፤ ቅጠሉ በሁለቱም ፊት ስለታተመ ግን ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል። ብጥስጣሽ ወረቀት ደግሞ ይጠፋል፣ ይደባለቃል። የተጠረዘ ደብተር ለረጅም ጊዜ ተመራጭ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፈረንሳዊው ደራሲ ሞንቴኝ መርሳት ያስቸግረው ነበር። ከዓመታት በፊት ራሱ ያነበበውንና ምልክት ያደረገበትን መጽሐፍ እንደ አዲስ ያነሣ ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያነበበበትን ጊዜና ስለ ደራሲው ያደረበትን ጠቅላላ ፍርድ መጻፍ ጀመረ። ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፤ ፍርዱን ይጠብቃል፣ አንዱን ጥቅስ ነጥሎ ለማግኘት ግን አይረዳም።

በ19ኛው መቶ ዘመን ቻርልስ ዳርዊን እንዲህ ያለውን የመጽሐፍ መጨረሻ ማስታወሻና ማውጫን አቀናጀ። የራሱ መጽሐፍ ከሆነ ለሥራው የሚጠቅመውን ከነገጹ እዚያው መጨረሻ ላይ ይመዘግባል፣ የተዋሰው ከሆነ ለብቻው ያሳጥረዋል። አዲስ ሥራ ሲጀምር እነዚህን አጫጭር ማውጫዎች አሰባስቦ አንድ ትልቅ ማውጫ ያወጣል። መጽሐፍን እንደ መሣሪያ ነበር የሚያየው፤ ከባድ ከሆነ ለመያዝ እንዲመች ከመሐል ይሰነጥቀው ነበር።

የንባብ ጥም፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ፦ ርዕሱ የሚመረጠው ከመቅዳት በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መቃ ብዕር፦
በፊት ነው፤ ያለ ርዕስ የትኛው ገጽ ላይ እንደምትጽፍ አይታወቅም። ችግር የሚሆነው አንድ ጥቅስ ሁለት ርዕስ ሲመጥነው ነው። ሁለቴ አትቅዳ። አንዱ ጋ ሙሉውን ጻፍ፣ ሌላው ጋ ርዕሱን አስቀምጠህ «ገጽ 41 ተመልከት» በል። ርዕስ ሲጠፋህ ደግሞ «ይህን ወደፊት ስፈልገው በምን ስም እፈልገዋለሁ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። «ሕይወት»ን የመሰለ ሰፊ ስም ሁሉን ስለሚውጥ ተወው፤ «ስደት»፣ «ዕዳ»፣ «እርጅና» ይሻላሉ።

ፊደል ገበታ፦
የተመረጡትን ርዕሶች ዝርዝር ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ያዙት። «ድህነት» ብላችሁ ከጀመራችሁ በኋላ «ችጋር» የሚል ሁለተኛ ርዕስ እንዳይከፈት የሚጠብቃችሁ እሱ ነው።