ቢቱ ያስጨፍራል፣ ግጥሙ ያስለቅሳል፤ ክሊፑ የቱን ይከተል?

ጠያቂው፦ ክሊፕ ልንሠራ ተቀምጠን ተጣላን። ዘፈኑ ፈጣን ነው፤ በደቂቃ 120 ምት። ግጥሙ ግን የመለያየት ነው። ዳይሬክተሩ ዝናብ፣ ባዶ ክፍልና እንባ ይፈልጋል። ዘፋኟ ደግሞ «ሰው እንዲጨፍርበት የሠራሁትን ለቅሶ ቤት አታድርጉብኝ» አለች። እናንተ ብትሆኑ ማንን ትሰማላችሁ?

ኤዲተሩ፦ ዘፋኟን! ጆሮ መጀመሪያ የሚይዘው ምቱን ነው፤ ግጥሙ በኋላ ነው የሚመጣው። ሒሳቡን ተመልከቱ። በ120 ምት አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ከቀረጻችሁ 12 ፍሬም ብቻ ማለት ነው። ሰው ቀና ብሎ እንባውን እስኪጠርግ አምስት ስድስት ምት ያልፋል። እኔ ኤዲት ላይ ቁጭ ብዬ የምቆርጥበት አጣለሁ።

ግጥም ወዳዱ፦ አንተ መቁረጫህ ስለጠፋብህ ግጥሙ ይጣል? ገጣሚው ስንኙን የጻፈው እኮ አንጀቱ አርሮ ነው። ከኋላ ሃያ ሰው እየዘለለ «ጥለኸኝ ሄድክ» ስትል ማን ያምናታል?

ኤዲተሩ፦ እኔ አምናታለሁ። ሰው በተሰበረበት ሰሞን እኮ ነው ይበልጥ የሚጨፍረው።

ካሜራ ያዡ፦ ዝግታ ከፈለጋችሁ መላ አለው። ቀረጻ ላይ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት አጫውቱላት፤ እሷም በዚያው ፍጥነት ትዝፈን። ካሜራው በሰከንድ 48 ፍሬም ይቅረጽ። በ24 ስታጫውቱት ከንፈሯ ከዘፈኑ ጋር ልክ ይገጥማል፤ ፀጉሯና ቀሚሷ ግን ይንሳፈፋል። ቀረጻው ላይ ሳቅ በሳቅ ነው፣ ድምጿ እንደ አይጥ ይንጫጫል። ብቻ አስቡበት፦ 120ው ምት 240 ይሆናል። ምላስ ይተሳሰራል። አዝማቹ ላይ ብቻ ሞክሩት፤ ቀድማም ትለማመድ።

ሌላ ተከራካሪ፦ የእኔ ችግር ከዝናቡ ጋር ነው። «ሄድክ» ሲባል በር ሲዘጋ፣ «ልቤ ተሰበረ» ሲባል ብርጭቆ ሲወድቅ ማየት ሰለቸኝ። የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ነው የሚመስለው። ሰማያዊ ቀለምም እንደዚያው። በቀን ብርሃን፣ ማለትም በብርሃን ቀለም መለኪያ 5600 ኬልቪን አካባቢ፣ ካሜራውን ለአምፖል ብርሃን በሚሆነው 3200 ላይ አድርጎ ሁሉን ነገር ሰማያዊ ማድረግ ቀላል ነው። ሐዘን ግን በዚህ አይመጣም። ወርቃማ የማታ ፀሐይ ላይ የሚለያዩ ሁለት ሰዎች ይበልጥ ያማሉ።

ግጥም ወዳዱ፦ ብርጭቆውን ተውት፣ እሺ። ግን ክሊፑ ውስጥ አንድ ቦታ ዝም ተብሎ ፊቷን ማየት አለብን። እሱን ካልሰጣችሁኝ አልስማማም።

ኤዲተሩ፦ ዘፈኑ ራሱ ዝም የሚልበት ቦታ አለው ወይ? መጀመሪያ እሱን ንገሩን። ሎኬሽን ሳትመርጡ ዘፈኑን በሰከንድ ከፋፍላችሁ ወረቀት ላይ አውጡት።

ጠያቂው፦ አወጣሁት። 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ ከበሮው ይቆማል። ለ8 ሰከንድ ድምጿ ብቻውን ይቀራል።

ኤዲተሩ፦ 16 ምት! ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? እስከዚያ ትጨፍር። እዚያ ስትደርስ እሷ ብቻ ትቁም፣ ሌሎቹ ያለ ከበሮ መጨፈራቸውን ይቀጥሉ። ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆይ፤ አንድም አልቆርጥም። ከበሮው ሲመለስ እሷም ትመለስ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ግጥም ወዳዱ፦ እንዲህ ከሆነ ተስማምቻለሁ። እንባ ግን አይኑር፤ እንባ ከመጣ ሁሉንም ያበላሸዋል።

ካሜራ ያዡ፦ ስሎው ሞሽኑንም ከአዝማቹ አንስታችሁ እዚያ ብታስገቡት? እሷ ዘፈኑን ጠብቃ፣ ከኋላዋ ያሉት ሲንሳፈፉ ይታየኛል።

ጠያቂው፦ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ዳይሬክተሩ ስምንቱን ሰከንድ ወደዳት፤ ግን እዚያችው ላይ ዝናብ ካልዘነበ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ዘፋኟ «ፀጉሬ አይነካም» ብላለች።