እንግዳ ቀኑ ሳይሞላ ሲወጣ ስንት ልመልስለት?

በዚህ ሥራ የቆያችሁ እስኪ ምከሩኝ። ለገጣፎ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ቤት ሙሉ ዕቃ አሟልተን ለአጭር ጊዜ እናከራያለን። አብዛኞቹ እንግዶቻችን ለሠርግና ለበዓል ከውጭ የሚመጡ ናቸው።

አሁን ያስጨነቀኝ አንድ እንግዳ የወር ከፍሎ ወሩ ሳይጋመስ ወጣ። ዘመዶቹ «እኛ እያለን ምን ሲደረግ ኪራይ ቤት!» ብለው ወሰዱት። የቀረውን ብር መልሺልኝ ይላል። ግን የወሩ ዋጋ ቅናሽ ያለበት ነው። በአዳር ዋጋ ቢታሰብ የቆየበት ብቻ የከፈለውን አብዛኛውን ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ቤቱ ተይዟል ብዬ ሌላ ሰው መልሻለሁ።

ኤርቢኤንቢ (የአጭር ጊዜ ቤት ማከራያ ድረ ገጽ) ላይ ከ28 አዳር በታች ለሆነ ቆይታ «ሞደሬት» በሚባለው የስረዛ ደንብ፣ ከገባ በኋላ የሚወጣ እንግዳ ያደረበትን፣ አንድ ተጨማሪ አዳርና የቀሩትን ግማሽ ይከፍላል። እኛ ግን የተስማማነው በስልክ፣ የተከፈለውም በቴሌብር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው ይላል። ስለ መውጣት ያልተነጋገርን ሰዎችስ?

መብራት ወይም ውሃ ጠፍቶበት ለሚወጣ አልከራከርም፣ እመልሳለሁ። ይሄኛው ግን ቤቱን ወዶት ነው የወጣው።

የቆየበትን በአዳር ዋጋ አስቤ ቀሪውን ብሰጠው ያስኬዳል? ወይስ ሌላ ሰው ከገባበት ቀን ጀምሮ ያለውን ብቻ ልመልስ? ለወደፊቱስ በውል ላይ እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትጽፉት? ሰውየው ጨዋ ነው፣ ተቀያይመን እንድንለያይ አልፈልግም። እስከ ሰኞ መልስ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ።