ክርክር፦ የሞቱትና የተማረኩት ፎቶ ለሕዝብ ይሰቀል?

የከዚራ ልጅ፦

ሰላም ድሬዎች፣ ሰላም የሐረር ሰዎች። እርስ በርሳችን ተከራክረን መግባባት ያቃተን ጉዳይ አለና ሐሳባችሁን ስጡን።

ለየካቲት 26 የካራማራ ድል በዓል፣ በ1970 የሶማሊያ ጦር ለተሸነፈበት ድል መታሰቢያ፣ የፎቶ ዐውደ ርዕይ ልናዘጋጅ ተነስተናል። ፎቶውን የምንሰበስበው ከየቤቱ አልበም ነው። ከከዚራም፣ ከገንደ ቆሬም፣ ከሳቢያንም መጥቷል። አብዛኛው የሚያከራክር አይደለም። አንዱ ወታደር የጥይት ሳጥን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደብዳቤ ይጽፋል። ሁለት ሚሊሻዎች ከአንድ ኮዳ ይጠጣሉ። አንዱ ከስክስ ጫማውን አውልቆ እግሩን ፀሐይ ላይ ዘርግቷል። ከመዝመቱ በፊት ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ቀለም የተቀባ ሸራ ፊት ደረቱን ነፍቶ የተነሳም ሞልቷል። ጀርባውን ስትገለብጡት በሰማያዊ እስክሪብቶ "ለእናቴ መታሰቢያ ይሁን" ይላል።

ያጣላን አንድ ፖስታ ነው። ባለቤቱ በሕይወት የሉም፤ ያመጡልን ልጃቸው ናቸው። በአንደኛው ፎቶ የሞቱ ሰዎች ተጋድመዋል። ፊታቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሌላኛው ምርኮኞች የፊጥኝ ታስረው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የቆመው ወታደር ወደ ካሜራው እያየ ይስቃል። ጀርባው ላይ "ጅጅጋ አካባቢ፣ 1970" ከሚል በቀር ምንም የለም።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሁለቱም አይሰቀሉ። ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳው ሰው እንዲታይ ፈልጎ ነው። የሞተውንና የታሰረውን ግን ማንም አልጠየቀው። እናንተስ?

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ግን አልስማማም። እኔ እዚያው ነበርኩ።

ተኩስ ሲኖር ካሜራ አይወጣም። ካሜራ የሚወጣው ሻይ ሲፈላ ነው። ኮቾሮ ሲታደል ነው። ጓደኛ ጓደኛውን ፀጉር ሲቆርጥ ነው። በመስከረም 1970 ጅጅጋ ከእጃችን ወጥታ በማርዳ መተላለፊያ በኩል ወደ ሐረር ስናፈገፍግ ፎቶ ያነሳ ሰው አላየሁም። ውሃ ጥም ያስቀረው ባልደረባዬ መንገድ ዳር ሲቀመጥ ማንም አላነሳውም። ከዚያ በኋላ ሐረር ዙሪያ ስንዋጋ በከረምንባቸው ወራት፣ ቁስለኛ በጭነት መኪና ስንጭን "ቁሙልኝ" ያለን የለም። ስለዚህ እኔ ቤት ያሉት ፎቶዎች ሁሉ የምስቅባቸው ናቸው። የልጅ ልጄ አልበሙን ገልጣ "አባባ፣ ደስ ይል ነበር እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

ከየአልበሙ የሚሰበሰበው ፎቶ ከመጀመሪያው ወደ ሳቁ ያደላ ነው። እናንተ ደግሞ ያለችውን ጥቂት መራራ ነገር ስታወጡበት የሚቀረው ሽርሽር ነው። ወጣት ልጅ እሱን አይቶ ጦርነት እንዲህ ነው ብሎ ይሄዳል። ይሄ ነውር ነው። ይሰቀል ባይ ነኝ።

የመጋላ ልጅ፦

ጋሼ፣ ስለ ሙታኑ ያሉትን እሰማዎታለሁ። ምርኮኞቹን ግን ተዉልን።

እኔ የድሬ ሶማሌ ነኝ። አባቴ እዚሁ ተወልዶ፣ ምድር ባቡር ሠርቶ፣ እዚሁ ተቀበረ። በነሐሴ 1969 የሲያድ ባሬ ጦር ድሬን ሊይዝ ሲመጣ እሱም እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ልጆቹን ይዞ አልጋ ሥር ገብቷል። ያም ሆኖ በዚያ ክረምት በስሙና በመልኩ የጠረጠረው ሰው ነበር። እስኪሞት ድረስ ሲያወራው ድምፁ ይለወጥ ነበር።

አሁን እኔን የሚመስል ሰው ታስሮ፣ ከኋላው እየተሳቀበት፣ ከሥሩ ስም እንኳ ሳይጻፍለት ግድግዳ ላይ ይውላል። ተማሪ ሰልፍ ሠርቶ ያያል። ልጄም ከሰልፉ ውስጥ ናት። የክፍሏ ልጆች ከፎቶው ወደ እሷ ዞረው ሲያይዋት ምን እንድትል ነው የምትፈልጉት?

ሕጉም አለ። ሦስተኛው የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛን ከስድብና ለሕዝብ መመልከቻ ከመሆን ጠብቁት ይላል። "ይሄማ ለጦርነት ጊዜ ነው" ትሉ ይሆናል። ሰውየው ግን ዛሬም ሐርጌሳ ወይ ሞቃዲሾ የልጅ ልጁን አቅፎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ዛሬ ድሬ ተሰቅሎ ማታውን እዚያ ስልክ ላይ ይደርሳል።

ሹፌሩ፦

አቦ አታክርሩት። ታሪክ ነው፣ ይሰቀል። ማየት ያልፈለገ አይይ።

የመጋላ ልጅ፦

ወንድሜ፣ የትምህርት ቤት ልጅ "አላይም" ብሎ ከሰልፍ አይወጣም።

የታጠቅ ልጅ፦

ሁላችሁም ስለ ተመልካቹ አወራችሁ። እኔ ስለሚፈልገው ሰው ላውራ።

አባቴ በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደዚህ ግንባር ዘመተ። አልተመለሰም። ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣም። እናቴ "ሳልረዳ እንዴት አለቅሳለሁ" እያለች ለቅሶ ሳትቀመጥለት አረፈች። የነበረን አንድ ጉርድ ፎቶ ነው። እሱንም በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲገባ ከነቤታችን ወሰደው። ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ ነበረው። ሌላው ሁሉ እየደበዘዘብኝ ነው።

እናንተ "ፊት አይታይ" ስትሉ እኔ የምፈልገውን ነው የምትደብቁብኝ። ከተጋደሙት አንዱ እሱ ቢሆንስ? ባየው ይሻለኛል። ቁርጤን አውቄ ድንኳን ጥዬ አለቅሳለሁ።

የከዚራ ልጅ፦

እህቴ፣ ፖስታው እኛ ጋ ነው። ዛሬም ነይ፣ ነገም ነይ፣ ቁጭ ብለሽ በማጉያ መነጽር እይው። አንቺ እንድታይ ግን ከተማው ሁሉ ማየት የለበትም።

የታጠቅ ልጅ፦

እኔ ድሬ ስላለሁ እመጣለሁ። ጎጃም ያለችው፣ ወላይታ ያለችውስ? ሚሊሻው ከአገሩ ሁሉ ነው የተሰበሰበው። ፖስታ መኖሩን በምን ታውቃለች?

የታሪክ መምህሯ፦

ይሰቀል አይሰቀል ከማለታችን በፊት "ማን አነሳው? ለማን ብሎ?" ብለን እንጠይቅ።

እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ሮጀር ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1855 ክራይሚያ ግንባር ሄዶ ከ300 በላይ ፎቶ ይዞ ተመለሰ። የሞተ ወታደር የለበትም። መኮንኖች ድንኳን ፊት ተቀምጠዋል፣ ፈረስ ታስሯል፣ ባዶ ሸለቆ ላይ የመድፍ አረር ተበትኗል። ጋሼ ያሉት ሽርሽር ማለት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ደግሞ ማቲው ብሬዲ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አንቲተም ላይ የወደቁትን ሙታን ፎቶ ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ አሳየ። ሰዉ ደነገጠ። ጦርነትን በጋዜጣ ብቻ የሚያውቀው ሰው አስከሬን አየ።

እዚህ ላይ "እንግዲያው የሞተ ሰው ፎቶ እውነቱን ይናገራል" እንዳትሉ። እነዚያን ፎቶዎች ካነሱት ዋነኛው አሌክሳንደር ጋርድነር በዓመቱ በዚያው ጦርነት ጌቲስበርግ ላይ የአንድን ወታደር አስከሬን ካለበት አስነስቶ፣ ድንጋይ ከለላ ሥር አጋድሞ፣ ጠመንጃ አስደግፎ ሌላ ታሪክ ጽፎበታል። ነገሩ የታወቀው መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የእኛን ፖስታ ያነሳው ማን ነው? ሟቾቹ በየትኛው ወገን ናቸው? "ጅጅጋ አካባቢ፣ 1970" ይህን አይመልስም። ጅጅጋ በ1970 መስከረም ላይ ተይዛ የካቲት ላይ የተመለሰች ከተማ ናት። ያልታወቀን ሰው "ጠላት" ወይም "ጀግና" ብሎ መሰየም ደግሞ ለእኔ ከመደበቅ ይብሳል።

ፊትን በተመለከተ ግን መንገድ አለ። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራሳቸውን ሙታን ፎቶ ለረጅም ጊዜ ከልክለው ነበር። በመስከረም 1943 እ.ኤ.አ. ላይፍ መጽሔት ኒው ጊኒ ውስጥ ባሕር ዳር የወደቁ ሦስት ወታደሮችን እንዲያወጣ ተፈቀደለት። አሸዋው ግማሽ አካላቸውን በልቶታል። ፊታቸው ግን አይታይም። ሕዝቡ ሞትን አየ፤ የማንም እናት ልጇን መጽሔት ላይ አላገኘችም። የእኛም አገር ምሳሌ አለን። አልፍሬድ አይዘንስታት በ1935 እ.ኤ.አ. ያነሳው የኢትዮጵያዊ ወታደር እግር። ባዶ እግር፣ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ ሌላ ምንም የለም። ያን እግር ያየ ሰው ወታደሩ ስንት አገር እንደተጓዘ ይገባዋል።

የጀጎል ልጅ፦

መምህር፣ "ማን አነሳው" ያልሽው ሐረርን ይመለከታል። ከከተማችን የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1883 ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ከፈረንሳይ ባስመጣው ካሜራ ያነሳቸው ይገኙበታል። ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ ያየን የውጭ ሰው ዓይን ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜም ኢስቲቱቶ ሉቼ የተባለው የመንግሥታቸው ተቋም ካሜራውን ይዞ ከጦሩ ጋር ዘምቷል። የሚያሳየው የተሠራ መንገድና የሚያጨበጭብ ሰው ነው። የመርዝ ጋዙን አያሳይም። መጋቢት 1928 ሐረር በቦምብ ስትቃጠል የነበረውን ሰው ሥቃይ ከእነሱ ፎቶ አታገኙትም።

በጋዝ የተላጠ ገላ ዓለም እንዲያይ ያደረጉት የቀይ መስቀል ሰዎች ያነሷቸው ፎቶዎች ናቸው። ጣሊያን ጋዙን በይፋ ያመነችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እነዚያን ፎቶዎች አንድ ሰው "የቁስለኛው ክብር ይጠበቅ" ብሎ ቢያቃጥላቸው ኖሮ ማስረጃው በጣም ይሳሳ ነበር። ስለዚህ ፖስታውን አትስቀሉት ካላችሁ እሺ። ግን እንዳይጠፋ። ሐረር ሙዚየሞች አሉን፤ አንድ ቅጂ በአደራ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈለግለት።

ጡረተኛው፦

መምህር ስለ ፊቱ ያለችው ገብቶኛል። ሙታኑ ፊታቸው ሳይታይ ይሰቀሉ። በዚህ ለቅቄያለሁ።

ስለሚስቀው ልጅ ግን ማንም አላነሳም። ምርኮኛውን ሸፍናችሁ እሱን ብትተዉት አደባባይ ላይ ፈረዳችሁበት ማለት ነው። ያ ልጅ ዕድሜው ስንት ይሆናል? ከጥቂት ወራት በፊት ሞፈር ጨብጦ የነበረ ሊሆን ይችላል። ምናልባት የሚስቀው በምርኮኛው አይደለም፤ ከዚያ ውጊያ በሕይወት በመውጣቱ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሳቅ አውቃለሁ።

የመጋላ ልጅ፦

ጋሼ፣ ይሆናል። ግን ይህን እዚያ ቆሞ ለልጄ የሚያስረዳት ሰው የለም። እርስዎ እዚያ ይቆማሉ?

ጡረተኛው፦

እቆማለሁ። እግሬ እስከቻለ ድረስ ወንበር ይዤም ቢሆን እቀመጣለሁ።

የከዚራ ልጅ፦

እንግዲህ እኛ ልናደርገው ያሰብነውን ልጻፍ። የማትስማሙበትን ንገሩን።

የሙታኑ ፎቶ ከወገብ በታች ያለው ክፍል ብቻ ይሰቀላል። ጫማቸውና ኮዳቸው፣ አንደኛው እጅ ላይ ያለው ሰዓት ይታያል። ከሥሩ "የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልታወቀም" ተብሎ ይጻፋል። ሙሉው ፎቶ በተዘጋ ማኅደር ጠረጴዛ ላይ ይሆናል። ዘመዱ የጠፋበት ሰው ሲመጣ ከአንድ አዛውንት ጋር ተቀምጦ ያያል። ለታጠቅ ልጅ ጥያቄ ደግሞ፣ ፎቶውን ሳንለቅ እንዲህ ያለ ማኅደር መኖሩን ብቻ በየክልሉ ላሉ የቀድሞ ሠራዊት ቤተሰቦች እናስነግራለን። ሙሉ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የምርኮኞቹ ፎቶ አይሰቀልም። ጋሼ እዚያ ቢቆሙም አይሰቀልም፤ እሳቸው ምሳ ሲሄዱ የሚመጣው ልጅም አለና። ቅጂው ግን የጀጎል ልጅ እንዳለው ወደ ሐረር ይሄዳል።

ጡረተኛው፦

በመጨረሻው አልተስማማሁም፤ ግን አመጣላችኋለሁ ያልኩትን አልበም አልከለክልም። ያው ሳቅ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ሥር ግን እኔ የምነግራችሁ ይጻፍ፦ ከዚህ ፎቶ በኋላ ማን በየት እንደወደቀ።

የታሪክ መምህሯ፦

ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መቅጃ ይዤ ቤትዎ እመጣለሁ። ሌሎቻችሁም ቤት ያለውን ስታመጡ ከፍሬሙ አውጥታችሁ አምጡት፤ የጀርባው ጽሑፍ አብሮ ይነሳል።