የስኮትላንዶች ታርታን «ጥለት» አለው ማለት ይቻላልን?

ተርጓሚው፦ ስለ ስኮትላንድ ባህላዊ አለባበስ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ፣ ታርታን ስለሚባለው ባለቀለም መስመሮቹ እየተቋረጡ አራት ማዕዘን የሚሠሩበት ጨርቅ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አስቸገረኝ። «የብላክ ዋች ታርታን ጥለት ጥቁር ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ነው፤ ይኸው ጥለት በጥንታዊ ቀለምም ይሸመናል» ብዬአለሁ፤ ብላክ ዋች ከታርታን ዓይነቶች የአንዱ ስም ነው። በጨርቁ ላይ እየተመላለሰ ለሚደገመው የመስመሮች ተርታ «ጥለት» ትክክል ነውን? ካልሆነስ ምን ልበለው?

የሸማኔው ልጅ፦ ወንድሜ፣ «ጥለት» አይስማማውም። ጥለት የሚያርፈው በሸማው ጠርዝ ላይ ነው፤ ታርታን ግን ዳርና መሐል የለውም። ድሩ በምን ቀለምና በስንት ክር ተራ እንደተዘረጋ፣ ማጉም በዚያው ቀለም፣ በዚያው ቁጥርና በዚያው ተራ ይገባበታል። ማጉ ሁለት ድር ዘልሎ ከሁለት ድር ሥር ስለሚያልፍና በየረድፉ አንድ ድር ስለሚሻገር፣ ቀይ ድር ከጥቁር ማግ በተገናኘበት አራት ማዕዘን ውስጥ ቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች ይታያሉ፤ ከሩቅ ሲያዩት ግን ሦስተኛ ቀለም ይመስላል። በሮብ ሮይ ማክግሬገር የሚጠራው ታርታን በቀይና በጥቁር ክር ብቻ ተሠርቶ ሦስት መልክ የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስድስት ቀለም የገባበት ደግሞ 21 መልክ ሊያወጣ ይችላል።

መሪጌታ፦ እንዲያ ከሆነ ቃሉ «ኅብር» ነው። ኀበረ ማለት ተባበረ፣ አንድ ሆነ ማለት ሲሆን ቀለምንም ኅብር እንለዋለን። በመዝሙር 44 ንግሥቲቱ «በአልባሰ ወርቅ ዑጽፍት ወኁብርት» ተብላለች፤ የዮሴፍ ቀሚስም «በብዙ ኅብር ያጌጠች» ናት። ሁለት ክር ተባብሮ ሦስተኛ መልክ ለሚወልድበት ጨርቅ ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም።

ከግላስጎው፦ መሪጌታ፣ ይፍቀዱልኝና እኔ «ዝንጉርጉር» እላለሁ። የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች በራሳቸው በጌይሊክ ቋንቋ ታርታንን «ብሬካን» ይሉታል፤ ሥሩ ነቁጣ ያለበትን፣ ዝንጉርጉር የሆነውን ሁሉ የሚገልጽ ቃል ነው። ጀርባው ነጠብጣብ ያለበት የወንዛቸው ዓሣ እንኳ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ ዝንጉርጉርና ነቁጣ የያዕቆብ በጎች ናቸው፤ ነብርም ዝንጉርጉር ነው። በእነዚያ ላይ ቀለሙ እንዳጋጠመ ይወድቃል እንጂ ተራ አይጠብቅም። ታርታን ግን ሥርዓት አለው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ሁለቱን አያቀላቅልም።

ከግላስጎው፦ ሥርዓቱን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ያለው ከቀለሙ ላይ አይደለም። ጠያቂያችን «ጥንታዊ ቀለም» ያለው ነገር የዘመን ጉዳይ ሳይሆን የቀለም ድምቀት ስያሜ ነው፤ በዕፅዋት የተነከረ ክርን ለመምሰል ፈዘዝ ተደርጎ የሚነከረውን ያመለክታል። ጠቆር ያለው «ዘመናዊ» ይባላል። የብላክ ዋች ታርታን በፈዛዛውም በጠቆረውም ቢሸመን ያው ብላክ ዋች ነው። ቀለሙ ፈዝዞም ማንነቱ ካልጠፋ «ኅብር» እንዴት ሊሸከመው ይችላል?

የሸማኔው ልጅ፦ ለዚህ የቆየ ምስክር አለ። ማርቲን ማርቲን የተባለው የስኮትላንድ የስካይ ደሴት ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1703 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የምዕራብ ደሴቶች ሴቶች የእያንዳንዱን መስመር ክር ቁጥር በትንሽ እንጨት ላይ አስቀምጠው ልኩን በጥንቃቄ ይጠብቁ እንደነበር ጽፏል። የሚጠበቀው የክሩ ቁጥርና ተራ ስለሆነ «የድር ልክ» ብንለው ይሻላል። በዚያው መጽሐፍ የልብሱ መልክ በየደሴቱ ይለያይ እንደነበር፣ ሰውየው የየት አገር ሰው እንደሆነም በልብሱ ይገመት እንደነበር ይነበባል፤ ስለዚህ ጠያቂያችን እያንዳንዱን ታርታን ከመጀመሪያው ጀምሮ የአንድ ጎሳ ንብረት አድርጎ እንዳይተረጉም አደራ እላለሁ።

መሪጌታ፦ «የድር ልክ» ማጉን ይረሳዋል፤ ቀለሙንም ይጥለዋል። የጎርደንን ታርታን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1793 ለጎርደን መስፍን የቀረቡለት ናሙናዎች ብላክ ዋች ሆነው አንድ፣ ሁለትና ሦስት ቢጫ መስመር የገባባቸው ነበሩ፤ እርሱም ባለአንዱን መረጠ። ብላክ ዋችን ጎርደን ያደረገው ያ ቢጫ ነው። ፈዘዝ ማለትና ሌላ ቀለም መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ኅብር የምለውም ይህንን ነው።

የሸማኔው ልጅ፦ መሪጌታ፣ ቢጫው የገባው ተቆጥሮ፣ በድሩም በማጉም ላይ ቦታው ተለክቶ ነው። መስፍኑም የመረጠው ከአንድ፣ ከሁለትና ከሦስት መስመር ነው፤ ቢጫው በሦስቱም ናሙናዎች ላይ ነበረ።

ተርጓሚው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ጥንታዊ ቀለም» የሚለውን «ፈዛዛ ቀለም» ብዬ አስተካክዬዋለሁ። «ጥለት» የነበረበትን ቦታ ግን እስካሁን ክፍት ትቼዋለሁ።